ሦስት ጊዜ ያንኳኳው ጭራቅ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የፈራም ይምጣ፣ ያልፈራም ይምጣ።

ድሮ ድሮ፣ ተራሮች ገና ስም ሳይወጣላቸው፣ ይመኙሻል የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ትንሽ ወንድሟ ደምሌ ይባላል። አንድ ክረምት ደምሌ ታመመ፤ ክፉ በሽታ ደሙ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። ከተራራው ማዶ የምትኖር ባለመድኃኒት፣ «ይድናል። ግን መድኃኒቱ መራራ ነው፣ ጊዜውም ረጅም ነው። እንዳታቋርጡ» አለች። አባት እየተመላለሰ መድኃኒቱን ያመጣል፤ እናት ብቻዋን እርሻ ትውላለች፤ ይመኙሻል ወንድሟን ትጠብቃለች። የደምሌ ፀጉር ረገፈ፣ ጉንጩም ገረጣ።

ይህን ሁሉ ጫካ ውስጥ ሆኖ የሚያይ ጭራቅ ነበር። የሚበላው ብቻውን የቀረ ልጅ ነው። ስለዚህ ሰው መስሎ ገበያ ወጣና፣ «የዚያ ቤት በሽታ ይጋባል!» ብሎ አስወራ። ጎረቤት ሁሉ ቀረ። ይመኙሻልም ሰው ማመን ተወች። ኮሽ ባለ ቁጥር በሩን ታያለች።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ቋ! ቋ! ቋ!

«ማነው?»

«ጎረቤትሽ ነኝ፣ እትዬ ሙላቷ።
መድኃኒቱ መራራ፣ መንገዱ ተራራ፤
ልጁን ለእኔ ስጪኝ፣ ላውጣው ከመከራ።»

ድምፁ የእትዬ ሙላቷ ነው። ይመኙሻል ግን ጠረጠረች። «እትዬ፣ የወንድሜ ስም ማነው?»

«የታመመ ልጅ ስም ምን ያደርግለታል?»

እትዬ ሙላቷኮ ደምሌን ያዋለዱት ናቸው! ይመኙሻል በሩን አልከፈተችም።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ቋ! ቋ! ቋ!

«ማነው?»

«ሥር የምምስ ባለመድኃኒት ነኝ። ከሩቅ አገር በእግሬ መጣሁ።
መድኃኒቱ መራራ፣ መንገዱ ተራራ፤
ልጁን ለእኔ ስጪኝ፣ ላውጣው ከመከራ።»

በበሩ ቀዳዳ አየች። ውጭው ጭቃ በጭቃ ነው፤ የሰውዬው እግር ግን ንጹሕ። አልከፈተችም።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሰው መጣ። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ያስከተለች ሴት ናት፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ።

«ብርነሽ እባላለሁ። የወንድምሽን መታመም ሰምቼ ከወንዙ ማዶ ነው የመጣሁት።»

«እርስዎም ወንድሜን ስጪኝ ሊሉ ነው?»

«አልልም የኔ ልጅ። እኔ ማዳን አልችልም። ይቺ ልጄ ግን ያው በሽታ ነበረባት፤ ያንኑ መራራ ሁለት ዓመት ጠጥታ ዳነች። አይጋባም። ካላመንሽኝ እዚሁ ደጅ እቀመጣለሁ። የወንድምሽ ስም ማነው?»

«ደምሌ ነኝ!» አለ ደምሌ ከውስጥ።

ብርነሽ ደጅ ላይ ተቀምጣ ስታጫውተው ዋለች። ስጡኝ አላለች፣ ክፈቱልኝ አላለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይመኙሻል ራሷ ከፈተችላት።

በሦስተኛው ቀን፣ ብርነሽና ልጇ እቤት ሳሉ፣ ቋ! ቋ! ቋ!

«እናትሽ ነኝ፣ ክፈቺ!» ድምፁ የእናቷ ነው።

ከፈተች። ፊቱ የእናቷ ነው። ነጠላው የእናቷ ነው። ግን፣

«መድኃኒቱ መራራ፣ መንገዱ ተራራ፤
ልጁን ለእኔ ስጪኝ፣ ላውጣው ከመከራ።
ያንን መድኃኒትም ድፊው!»

እናቷ ድፊው አትልም! ይመኙሻል ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ የመድኃኒቱን ዋንጫ አነሳች።

«እሺ እማዬ። ግን እንደ ወትሮሽ መጀመሪያ አንቺ ተጎንጪለት።»

እናቷ ተጎንጭታ አታውቅም። ጭራቁ ይህን ከየት ይወቅ? እንዳይነቃበት አንዴ ተጎነጨ።

«ኡኡኡኡ! አቃጠለኝ!»

ጥርሱ ወጣ፣ ጭራው ተዘረጋ። ደምሌ ተነስቶ ተቀመጠ።

«እኔ በየቀኑ ነው የምጠጣው!» አለው።

ጭራቁ ተሸማቀቀ። ፍየል አከለ፣ ዶሮ አከለ፣ ጥንዚዛ አከለ። የብርነሽ ልጅ በመጥረጊያ ጠርጋ አወጣችው፤ ንፋስም ወሰደው። የቀረውን መድኃኒት ደምሌ ፊቱን አጨማዶ ጨለጠው።

ብርነሽ ቤት ለቤት እየዞረች እውነቱን ተናገረች። መጀመሪያ የመጡት እትዬ ሙላቷ ናቸው፤ አፍረው አንገታቸውን ደፍተዋል። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ተራ ገብቶ መድኃኒቱን አመጣ፣ እርሻውንም አረመ። ደምሌ ሁለት ዓመት ታክሞ ዳነ፤ ፀጉሩም ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ።

በመጡበት በዚያ ዕለት ግን እትዬ ሙላቷ ደምሌ አጠገብ ተቀምጠው፣ «እኔ አለሁ። አንቺ ሂጂ ተጫወቺ» አሏት። ይመኙሻል ሮጣ ወጣች፤ እስኪርባት ድረስም አልተመለሰችም።

ተረቴን አደረስኩ፤ ፍርሃቱን ለጫካው መልሱ፣
በቀዝቃዛ ውሃ ጉሮሮዬን አርሱ።