ጅብ የሚያነበው ሞራ ያጣበት ዓመት

አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቆላ ሸለቆ ውስጥ፣ እንስሳት ሁሉ በአንበሳ ሥር ተስማምተው ሲኖሩ፣ ጅብ ሞራ ገላጭ ሆኖ ተሾመ። ሞራ ማለት የበግ አንጀት ላይ እንደ መጋረጃ የተዘረጋው ስስ ስብ ነው። ሞራ ገላጭ ደግሞ ያንን ስብ ዘርግቶ፣ በላዩ ያሉትን መስመሮች እያየ፣ መጪው ዓመት ዝናብ ይሁን ድርቅ እነግራችኋለሁ የሚል ነው። ታዲያ ሞራውን ለማየት በጉ መታረድ አለበት። ጅብ ሥራውን ለምን እንደወደደው አሁን ገባችሁ።

በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል ዕጣ የወጣበት አንድ ግልገል ይታረዳል። ጅብ ሞራውን ወደ ፀሐይ ያነሣና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «ደህና ነው» ይላል። ከዚያ አንድ ታፋ ለአንበሳ ይሰጥና ሥጋውንም ሞራውንም ጠራርጎ ይበላል። ሌሎቹ ደግሞ «ደህና ነው ተብሏል» ብለው ሄደው ይተኛሉ።

ባለፈው ዓመትም ደህና ነው ተብሎ ነበር። ግን ጥር ሳያልቅ የሸለቆው ኩሬ ደረቀ፤ የቀበሮ ሁለት ልጆችም በውሃ ጥም ሞቱ።

ዘንድሮ ዕጣው የወጣው በእመት በጊት አንድያ ልጅ ላይ ነው። እመት በጊት የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፍቷት ወደ ቀበሮ ጉድጓድ ሮጠች።

«እመት ቀበሮ፣ ነገ ጠዋት ልጄን ሊያርዱብኝ ነው። ደብቂልኝ።»

«ብደብቀው የእኅትሽን ልጅ ነው የሚያርዱት።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ገብተሽ ተኚ። ብቻ ነገ ልጅሽን እናወፍረው ስል ብትሰሚ እንዳትደነግጪ።»

እመት በጊት ይህን ሰምታ እንዴት ትተኛ? አልተኛችም።

በማግስቱ ሁሉም ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ጅብ ከሁሉ ቀድሞ ደርሷል። ግልገሉ ምንም ሳያውቅ ከእናቱ ጎን ሣር ይነጫል።

ቀበሮ ብድግ ብላ ለአንበሳ እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ ከመታረዱ በፊት አያ ጅቦን አንድ ነገር ልጠይቀው?»

«ጠይቂው» አለ አንበሳ።

«አያ ጅቦ፣ አምና ሞራው ምን ነበር ያለው?»

«ደህና ነው ነዋ።»

«ኩሬው ግን ደረቀ።»

ጅብ ትንሽ አሰበ። «ሞራው ልክ ነበር። የተሳሳተው ዝናቡ ነው።»

አህያ ሳቋ በአፍንጫዋ አመለጣት። አንበሳ ግን አልሳቀም፤ አምና በውሃ ፈንታ የጠጣው ጭቃ እስካሁን ያስለዋል።

«እሺ፣ ዘንድሮ ሞራው ድርቅ ነው ቢል ምን እናደርጋለን?» አለች ቀበሮ።

«እኔ ምን አገባኝ? የኔ ሥራ ማንበብ ነው።»

«ማንበብና መብላት» አለች አህያ ቀስ ብላ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ድርቅ ከሆነማ ኩሬውን አጥልቆ መቆፈር ነው» አለች።

«ጎርፍ ነው ቢልስ?»

«ቦይ ማውጣት ነዋ» አለ ከርከሮ። «ውሃው ቤታችንን ከሚጠርግ ወደ ኩሬው ይሂድ።»

«ጥጋብ ነው ቢልስ?»

ስለ ጥጋብ አስቦ የሚያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ እመት በጊት፣ «የተረፈውን ሣር አጭዶ ዋሻ ማስገባት ነው። እስከዛሬ እኮ ሜዳ ላይ ነው የሚበሰብሰው» አለች።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቀበሮ የሚመጣውን አላወቀችም፤ ዐውቃለሁም አላለችም። ያየችው ሦስቱም ሊመጡ እንደሚችሉና ለሦስቱም ዛሬ የሚሠራ ሥራ እንዳለ ነው።

«ታዲያ ጌታዬ፣ ሥራውን አስቀድመን ብንጨርሰውስ?» አለች።

የጅብ ጆሮ ቆመ። «የምን ሥራ? መጀመሪያ ንባብ ነው። ልማዱ እንደዚህ ነው።»

ቀበሮ ተጠግታ በጆሮው አንሾካሾከች። «አያ ጅቦ፣ እስቲ ግልገሉን ደህና አድርገህ እየው። ጎድኑ ይቆጠራል። ከዚህ የሚወጣ ሞራ መሐረብም አያህል፤ ምኑን ልታነበው ነው? ሥራው እስኪያልቅ ሣር ቢበላ ግን ነጠላ ያህላል።»

«ነጠላ?»

«ምን ነጠላ ብቻ፤ ጋቢ።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ጌታዬ» አለ ጮክ ብሎ፣ «ሞራው ገና አልበሰለም። ሥራው ይቅደም።»

ሥራው ተጀመረ። ከርከሮ ቦዩን ቀደደ፣ አህያ አፈሩን አጋዘች፣ በጎችና ዝንጀሮዎች ዋሻውን ጠረጉ። ከሁሉም በላይ የሠራው ግን ማን ይመስላችኋል? ጅብ ነው። ቶሎ እንዲያልቅለት ኩሬው ውስጥ ገብቶ በአራት እግሩ ይቆፍራል። «አያ ጅቦ፣ አረፍ በል እንጂ» ሲሉት፣ ቀና ብሎ ግልገሉን ያይና «አይ፣ እየወፈረ ነው» ብሎ መልሶ ይቆፍራል።

የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ ሥራው አለቀ። ጅብ ጭቃውን ሳያራግፍ አንበሳ ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ በሉ አሁን ይታረድልኝ።»

እመት በጊት ልጇን በሆዷ ሥር ልትሸሽገው ሞከረች።

«ቆይ» አለ አንበሳ። «ሞራው ምን ሊል ይችላል?»

«ድርቅ ነው ሊል ይችላል።»

«ድርቅ ነው ይበል። ኩሬው ተቆፍሯል።»

«ጎርፍ ነው ሊልም ይችላል።»

«ቦይ አለን።»

«ጥጋብስ?»

«ዋሻው ተጠርጓል።»

ጅብ ወደ ግልገሉ ተጠጋ። «እሺ፣ ደህና ነው ቢልስ?»

«እሱንማ ስንሰማው ኖርን» አለ አንበሳ። «ታፋውም ይቅርብኝ። ጭቃ ከምጠጣ ይሻለኛል። ግልገሉ አይታረድም።»

እመት በጊት ልጇን ከሆዷ ሥር አወጣችው።

ክረምቱ ማንም እንዳሰበው አልመጣም። ሐምሌ ላይ ጎርፍ ወረደ፤ ነሐሴ ላይ ጠብታ ጠፋ። ሜዳው ላይ የበቀለውን ሣር ደግሞ በጥቅምት አንበጣ በላው፤ አንበጣን ያሰበ አንድም አልነበረም። ቢሆንም ቦዩ የወሰደው ጎርፍ ኩሬው ውስጥ ነበር፤ አስቀድሞ የታጨደውም ሣር ዋሻው ውስጥ ነበር። በዚያ በጋ በጥም የሞተ ልጅ የለም።

በሚቀጥለው ዓመት ዋርካው ሥር ሲሰበሰቡ ሁሉም እየተሻሙ ሊመጣ ይችላል ያሉትን ተናገሩ። ጅብም ተነሣ።

«በጎች ሁሉ በአንድ ቀን፣ እንዲሁ በእርጅና፣ ሊሞቱ ይችላሉ» አለ። «ለዚህም እኔ ተዘጋጅቻለሁ።»

«ያ ቀን ሲመጣ እንጠራሃለን» አለች ቀበሮ። «እስከዚያው ሂድና ቦዩን ጥረግ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ነገን እነግራችኋለሁ ለሚል አፍ በግ ከማረድ ይልቅ፣ ነገ ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ አብሮ መክሮ ዛሬ መቆፈር እንደሚሻል ነው።