የላይኞች ከብት፣ የታችኞች ውሃ

አላህ ይዘንላቸውና፣ ሼህ ሙሐባ የሚባሉ አዛውንት በአንዲት ተዳፋት ላይ በተቆረቆረች ጥንታዊ ከተማ ይኖሩ ነበር። ከመስጂዱ በላይ የሚፈልቀው ምንጭ ጨፌውን አርሶ ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል። የላይኞቹ ከብት ያረባሉ፤ የታችኞቹ ያንኑ ውሃ ይጠጣሉ፣ ለሶላት እየታጠቡ ውዱእም ያደርጉበታል።

ከብቶቹ ምንጩን ይረግጡታል፣ እበት ይጥሉበታል፤ የታች ልጆች ሆድ አይሽርም። ሼሁ በየጁምዓው ይናገራሉ። ጀመዓው ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጥና፣ ከሶላት ወጥቶ ከብቱን እዚያው ይነዳል። መምከር ሲታክታቸው ምንጩን በእሾህ አሳጠሩ፤ ከአጥሩ ውጭ የውሃ ገንዳ አኖሩ። ከብቱ አጥር የጣሰበት ሰው አጥሩን በገዛ እጁ ሊጠግን፣ ገንዳውንም ቀድቶ ሊሞላ ሁሉም ቃል ገባ።

ቃሉ ግን የአፍ ነበር። አንዱ በሬዬን ጠማው ይላል፣ ሌላው አጥሩ ልል ነው ይላል። አንዱማ ጂን ነው የከፈተው ብሎ እርፍ አለ። አጥሩን የሚጠግን ጠፋ።

አንድ ረፋድ፣ ልጇ የታመመችባት ሰዒዳ የምትባል የታች ሰፈር ሴት ባዶ እንስራዋን ይዛ ሼሁ ደጅ ቆመች። ዛሬ ምንጩ አጥር ውስጥ ያለችው የእርስዎ ላም ናት አለቻቸው። ወርደው ቢያዩ እውነት ነው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ባለቤታቸው ገንዳው ቢርቃቸው ላሟን በአጥሩ ቀዳዳ አስገብተዋታል።

ሰው ተሰበሰበ። ከብቱ ከሁሉም የሚበዛው ዳውድ ፈገግ ብሎ፣ «ሽማግሌ ነዎት፣ ይተዉት። እኛ ይቅር ብለን፣ አውፍ ብለንዎታል» አለ።

ሼሁ ምርር አላቸው። «አንተ አውፍ የምትለኝ በየትኛው የተበደለ ሐቅህ ነው? የቆሸሸውን ውሃ የጠጣችው እኮ የሰዒዳ ልጅ ናት።»

ወደ ሰዒዳ ዞረው አውፍ በይኝ አሏት። እሷም ልጄ ስትድን እልዎታለሁ ብላ ባዶ እንስራዋን ይዛ ወረደች። ማንም አልገሠጻት፤ እሳቸውም አልተቀየሟትም። እጃቸው እስኪደማ እሾህ ጎትተው አጠሩ፣ ገንዳውን በቅል እየቀዱ ሞሉ። ቆሞ ማየት ያሳፈረው ዳውድ ዘግይቶ መጥረቢያውን ይዞ መጣ። ሼሁም ሳያመሰግኑት ቦታ ለቀቁለት።

ልጅቷ ሰንብታ ተነሳች። ሰዒዳም ወጥታ አውፍ አለቻቸው። እሳቸው ያን ቀን ለጀመዓው የተናገሩት ይህን ብቻ ነበር፦ «ከምንጭ አጠገብ ያለ ሰው፣ የታችኛው ሰው አማና፣ አደራ አለበት።»

እኛ ዛሬ በውዱእ ውሃ ልክ እስኪነጋ እንከራከራለን፤ ከእኛ አልፎ ጎረቤት ደጅ የሚደርሰው ውሃ ምን እንደተሸከመ ግን አንጠይቅም። ከዚያም እርስ በርሳችን አውፍ እንባባላለን። መጸጸቱ፣ ተውባው፣ ወደ አላህ ነው፤ የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ ደጅ ድረስ ያስኬዳል፣ እምቢ ቢባሉም ያስጠብቃል።