ሳይነካ የተመለሰው አገልግል

አንድ ኮርቻ ሰፊና አንድ ሰም ነጋዴ በአንዲት የገበያ ከተማ አጥር ተጋርተው ይኖሩ ነበር። ኮርቻ ሰፊው ዋሴ ይባላል፤ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን የቀረ፣ ዝምተኛ፣ ሰው ማስቸገር የማይወድ ሰው ነው። ሰም ነጋዴው ጓንጉል ደግሞ ቸር ነው፤ ግን ምን ያደርጋል፣ አፉ ይቀድመዋል።

ዋሴ የቆየ የአንጀት ሕመም ነበረበት። በርበሬ ከቀመሰ ይቆርጠዋል፤ ሲጨነቅ ይብስበታል። የሚስማማውን አውቃ የምታበስልለት ሚስቱ ነበረች። እሷ ካለፈች በኋላ የሚያውቅለት ሰው አልነበረም፤ የሆድ ነገር ነውና ለሰው ማውራት ያሳፍረዋል። ግብዣ ላይ ጥቂት ቆርሶ እጁን ሲሰበስብ ሰው ሁሉ “ዋሴ እኮ ምግብ አይወድም” ብሎ ያልፈዋል። ጓንጉልም እንደዚያው ነበር የሚያስበው። እውነቱን ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ ጸጸቱም ከዚያ ይጀምራል።

ወረርሽኝ ገባ። የከተማዋ ሹም “ሁሉም በየቤቱ ይከተት” ብለው አዋጅ አስነገሩ። ገበያው ጭር አለ፤ ከደጅ የሚሰማው የለቅሶ ድምፅ ብቻ ሆነ። አንድ ጠዋት ዋሴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ጓንጉልን ጠራው።

“ስማ ጓንጉል፣ ይሄ ሆዴ እኮ ሰሞኑን...”

ጓንጉል የአጎቱን ልጅ ቀብሮ ገና መመለሱ ነበር። አላስጨረሰውም።

“አንተ ሰውዬ! ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ስለ ሆድህ ታወራልኛለህ? በሕይወት ያቆየህን አመስግን እንጂ!”

“ልክ ነህ፣ ይቅር በለኝ” አለ ዋሴ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሕመሙ ትንፍሽ አላለም።

ጓንጉል ግን ክፉ ሰው አልነበረም። ንዴቱ ሲበርድለት የጎረቤቱ ብቸኝነት አሳዘነው። ሚስቱን ስንዱን “ከምንበላው ለዚያ ምስኪንም ይድረሰው” አላት። እሷም እጅ የሚያስቆረጥም ቀይ ወጥ ሠርታ በአገልግል ሞላች። ጓንጉል አገልግሉን ከዋሴ ደጃፍ አስቀምጦ፣ ፈቀቅ ብሎ ተጣርቶ ሄደ።

በማግስቱ አገልግሉ እዚያው ነበር። ከፍቶ ቢያየው አልተነካም። ሌላ አመጣ፤ ያም እንደዚያው ሆነ። ያኔ ጓንጉል ደሙ ፈላ። በዚያ ክፉ ጊዜ ሰው ከሰው እጅ መቀበል ይፈራ ነበር፤ የተላከለትን ምግብ ሳይነካ የመለሰ ሰውም “በሽተኞች ናችሁ” ብሎ የተሳደበ ያህል ይቆጠርበታል።

“ዋሴ! የስንዱ እጅ ተጠላ? በሽታ አለባችሁ ማለትህ ነው?” ብሎ ከደጅ ጮኸ።

“ኧረ በስመአብ! እንደሱ አይደለም ወንድሜ። ጠግቤ ነው።”

“ከየት የመጣ ጥጋብ? በል በሞቴ ቅመስ!”

ዋሴ በሩን አልከፈተም። ጓንጉል አገልግሉን አንጠልጥሎ “ሁለተኛ እዚህ ደጅ ብቆም ሰው አይደለሁም!” ብሎ ተመለሰ። ለሰፈሩም “ዋሴ ተጸይፎናል” ብሎ አወራ። ከዚያ ወዲህ ከዋሴ ደጅ ቆሞ የሚጠራው ሰው ጠፋ። ዋሴ በጓሮ በኩል ወደ መጸዳጃ ሲመላለስ ያዩት ደግሞ “ያ በሽታ ይዞት ነው የደበቀው” አሉ። ጓንጉል ይህን ሰምቶ “እኔ ምን ቸገረኝ” አለ።

ወረርሽኙ ሲያልፍ ከተማው በእልልታ ወጣ፤ የዋሴ በር ግን አልተከፈተም። ስንዱ ባሏን “ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ? ሂድና እየው እንጂ!” ብላ ተቆጣችው። ጓንጉል በሩን ገፍቶ ገባ። ዋሴ መደቡ ላይ ተኮራምቶ ተኝቷል፤ ፊቱ አጥንት ብቻ ሆኗል። ጓንጉል ደነገጠ።

“ያ በሽታ ይዞህ ነበር እንዴ?”

“አልያዘኝም። አንጀቴን ነው፤ ድሮም ያመኛል። በርበሬ አይስማማኝም። የገብስ ዱቄቴ እስኪያልቅ አጥሚት እያፈላሁ ነበር የምጠጣው።”

“ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?”

ዋሴ ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። “ልነግርህ ጀምሬ ነበር እኮ። ሰው እየሞተ ስለ ሆዴ ማውራቴ ለካ ነውር ነው ብዬ ተውኩት። ባመመኝ ቁጥር ‘ያ በሽታ ይሆን?’ እያልኩ እፈራለሁ፤ ስፈራ ሕመሙ ይጸናብኛል። ሕመሙንስ እችለው ነበር፣ ለምጄዋለሁ። የከበደኝ ድምፅህ መጥፋቱ ነው። በደጅ ኮቴ ስሰማ አንተ እየመሰልከኝ እነሳ ነበር።”

ጓንጉል መደቡ ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። “ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!” አለ።

ከዚያ በኋላ ስንዱ ለዋሴ የሚስማማውን ትሠራለት ጀመር። ዋሴ ይበላል፣ ያመሰግናል። ሥጋም መለሰ፤ ወደ ሥራውም ገባ። ጓንጉል በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ “ሆድህ እንዴት አደረ?” ይለዋል። ዋሴም ፈገግ ብሎ “ደህና ነኝ፣ ተመስገን” ይላል። ፊቱ በገረጣበት፣ ጎኑን ደግፎ በያዘበት ቀንም መልሱ ያው ነው። ጓንጉል ሌላ ቃል ይጨምር እንደሆን ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ዋሴ አይጨምርም።

ወዳጆቼ፣ በወረርሽኝ ጊዜ የሚታመመው ወረርሽኙ የያዘው ሰው ብቻ አይደለም። የቆየ ሕመም ያለበት ሰው “የእኔስ ምን ይወራል” ብሎ ይደብቃል፤ መደበቁ ጭንቀት ይሆንበታል፣ ጭንቀቱም ሕመሙን ያባብስበታል። ስለዚህ ምግብ ከማድረሳችን በፊት “ምን ይስማማሃል?” እንበል። ሕመሙን ሊነግረን የጀመረውን ሰውም፣ ሐዘን ላይ ብንሆን እንኳ፣ እናስጨርሰው፤ አንዴ ያቋረጥነው ሰው ዳግመኛ ላይጀምርልን ይችላልና። እናንተስ ሳታስጨርሱት ቀርታችሁ “ደህና ነኝ” ማለት የለመደ ሰው ማን ነው?