ሊሾ ሠሪው ልጁን ፖፖ ሲያስለምድ

አንድ ሊሾ ሠሪ ነበረ። በከተማችን ሲሚንቶ አለስልሶ፣ ቀይ ቀለም አጥግቦ፣ በሰም ወልውሎ ወለሉን እንደ መስታወት የሚያደርግ ከእሱ ሌላ አልነበረም። የራሱ ቤት ወለል ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል። ጎረቤቱ ሁሉ «እሱ ቤት ምግብ ቢደፋም ታፍሶ ይበላል» ይለዋል፤ እሱም ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፍቶ ይውላል።

ፍሬሕይወት ልጄ፣ የዚህን ሰው ነገር የማነሣልሽ ለጥያቄሽ መልስ ስላለው ነው። «እትዬ አምሳለ፣ እርስዎ ሃያ ሁለት ዓመት የሕፃናት መዋያ ውስጥ የሰው ልጅ ሲጠብቁ ኖረዋል። ኪሩቤል ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ፖፖ ላስለምደው ብዬ ቤቴ ሽንት ሽንት ሸተተ። አማቴ ደግሞ እሑድ ይመጣሉ። ልቆጣው ወይስ ዳይፐሩን መልሼ ላድርግለት?» አልሽኝ። እንግዲህ ቁጭ በይና ስሚ።

ይህ ሰው ከሚስቱ ጋር ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲጠብቅ ኖሮ አንዲት ሴት ልጅ ወለደ። ውዳሴ ብለው ስም አወጡላት። ሚስቱ አስተማሪ ነበረች፤ ልጅቷ ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ ለክረምት ትምህርት ሌላ ከተማ ሁለት ወር መቀመጥ ግድ ሆነባት። ክረምት ለሊሾ ሠሪ የሥራ ጊዜ አይደለም፤ ሲሚንቶው አይደርቅለትም። ስለዚህ አባትየው ልጁን ይዞ ቤት ቀረ።

ሚስቱ ሻንጣዋን ስትዘጋ፣ «እንደው እስክመለስ ፖፖ ብታስለምዳት ደስ ይለኝ ነበር። ግን እንዳትቸገር» አለችው።

«እኔ? በሦስት ቀን ነው የምጨርሰው!» አለ። «ስንቱን ጎርባጣ ወለል ያቀናሁ ሰው አንዲት ፍሬ ልጅ ታቅተኛለች?»

እሷም ስቃ ሄደች።

ሰውየው እውነትም ነገሩን እንደ ሥራው ያዘው። በነጋታው ዳይፐሩን አውጥቶ ጣለ። ፖፖ ገዝቶ አመጣና ሽታ ወደ ሳሎን እንዳይገባ ብሎ ከጓሮ በር ውጭ፣ ጣራው ሥር አስቀመጠው። እዚያ ብርድ ነው፤ የዝናቡ ፍንጣሪ እግር ይነካል። ልጅቷን አምጥቶ ቁጭ ያደርጋትና፣ «በይ ሽኚ» እያለ ግማሽ ሰዓት ከፊቷ ይቆማል። ጠብ አይልም። አንሥቶ ወደ ቤት ሲያስገባት፣ ሙቀቱ ሲሰማት፣ እዚያው ሊሾው መሐል ትለቀዋለች።

«ወለሌን!» ብሎ ይጮኻል። ሮጦ በረኪና ያመጣል፤ ውሃ እንኳ ሳይቀላቅል ያፈሰዋል፤ ተንበርክኮ ይፈገፍጋል። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ ታየዋለች። የበረኪናው ሽታ ዓይኗን ሲያቃጥላት ታለቅሳለች፤ እሱ ግን ለወለሉ ያዘነች ይመስለዋል።

ሦስተኛው ቀን አለፈ፤ አምስተኛውም አለፈ። ሰም የጠገበው ቀይ ወለል እዚህም እዚያም እየነጣ መጣ። ስድስተኛው ቀን ላይ ሰውየው ልጅቷን ይዞ በደስታ ወደ እኔ መጣ። ጎረቤቴ ነበርና፣ «እትዬ፣ ተሳካልኝ! ከትናንት ጀምሮ ወለሉ ደረቅ ነው» አለኝ።

«ፖፖው ላይ ተቀመጠች?»

«አልተቀመጠችም።»

«ታዲያ ሽንቷ የት ሄደ?» አልኩት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጅቷ መያዝ ተምራለች። ሽንቷ ሲመጣ ከመጋረጃው ኋላ ትደበቅና እግሯን አጣምራ ትቆማለች። ሽንት እንኳ ጊዜው ሲደርስ አምልጦ ይወጣል፤ ካካን ግን ሕፃን ልጅ ከፈራ ቀናት ይይዘዋል። ውዳሴ አራት ቀን ያዘችው። ሆዷ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ምግብ ገፋች፤ ፊቷ ገረጣ። አባትየው ደነገጠና በፎጣ ጠቅልሎ ዝናብ ለዝናብ ጤና ጣቢያ ይዟት ሮጠ።

ነርሷ ልጅቷን መረመረች፤ ሆዷን ዳበሰች፤ ከዚያ አባትየውን አየችው። «ቤት ውስጥ ይጮኽባታል?» አለችው።

«እኔ እሷን? ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኋትን? በእሷ ላይ አልጮኽም። ስለ ወለሉ ነው እንጂ...» አለ።

«እሷ ልዩነቱን አታውቅም» አለች ነርሷ። የሚያለሰልስ ሽሮፕ ሰጠችው። «ውሃ በደንብ ትጠጣ፤ ፓፓያ ስጣት። ከሁሉ በላይ ግን ፍርሃቷ ይልቀቃት። ፍርሃቱ ካልወጣ ሌላውም አይወጣም።»

ያን ቀን ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ ባለጸጋ ሰው እቤቱ መጣ። ይህ ባለጸጋ ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ነው፤ ወለሉን ለማን እንደሚሰጥ ሲያጠያይቅ «የእሱን ቤት ሳታይ አትወስን» ብለውታል። ሚስቱንም መሐንዲሱንም ይዞ መጣ። ሦስቱም ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። እኔም ሻይ በማፍላት ላግዘው ገብቼ ነበርና በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

ሰውየው የነጡትን ቦታዎች በምንጣፍ ሸፍኗቸዋል። የቀረው ወለል ግን አሁንም ያበራል። መሐንዲሱ ዝቅ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው፤ ራሱንም ነቀነቀ። ባለጸጋው፣ «የተባለው እውነት ነው» አለ። ሊሾ ሠሪው ፊቱ በራ።

በዚህ መሐል ውዳሴ ከመጋረጃው ኋላ ወጣች። ሽሮፑም ፓፓያውም ሥራቸውን ጀምረዋል። ፊቷ ቀልቷል፤ ግንባሯ ላይ ላብ አለ። እየተሳበች መጣችና በእንግዶቹ ፊት፣ ሳሎኑ መሐል፣ በሚያበራው ወለል ላይ ቁጢጥ አለች። ቀና ስትል ዓይኗ ከአባቷ ዓይን ጋር ተጋጠመ። ያን ጊዜ ሰውነቷ ሁሉ ድርቅ አለ። እንደገና ልትይዘው ነው።

እኔ «አንሥቶ ወደ ውጭ ይሮጣል» ብዬ ነበር። አላነሣትም። ያ ኩሩ ሰው በእንግዶቹ ፊት ተንበረከከ፤ ቀጥሎም ፊቱ ከፊቷ እስኪገጥም ድረስ በሆዱ ተኛ።

«ግድ የለም፣ የኔ እመቤት» አላት። «ልቀቂው። ወለሉ ያንቺ ነው። አባዬ አይቆጣም።»

ዓይኗን አልነቀለችም፤ እውነት መሆኑን ታጣራ ነበር። እጁን ዘረጋላት። ጣቱን ጨብጣ ይዛ፣ ቃተተችና፣ አምስት ቀን የያዘችውን ለቀቀችው።

«ጎበዝ!» ብሎ አጨበጨበ። «ጎበዝ! የኔ አንበሳ!»

ልጅቷ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥላ ሳቀች፤ ከዚያ እሷም አጨበጨበች።

ባለጸጋው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ወደ በሩ አፈገፈገ። «አጅሬ፣ ይህ ምን ዓይነት ነውር ነው?» አለ።

ሊሾ ሠሪው ተነሣ። «ነውር አይደለም ጌታዬ። ልጄ ናት፤ እየተማረች ነው» አለው። ድምፁ ለንጉሥ መልስ የሚሰጥ ሰው ድምፅ ነበር። የባለጸጋው ሚስት ግን አምስት የወለደች ነበረችና እየሳቀች፣ «ወረቀት የት አለ?» ብላ ልታግዘው ዘንበል አለች። እሱ አልፈቀደላትም። በራሱ እጅ በወረቀት አፈሰ፤ ወስዶ ሽንት ቤት ጨመረ። ወለሉን በሳሙናና በውሃ አጠበ፤ በጨርቅ አደረቀ። ልጁን አጠባት፤ እጇን አስታጠባት፤ የራሱንም ታጠበ። አንዲት ጊዜ እንኳ አልተቻኮለም።

ባለጸጋው ጫማውን አጥልቆ ሄደ፤ ሥራውንም ለሌላ ሰጠ። ሊሾ ሠሪውስ ምን ያደረገ ይመስልሻል? በሩ ላይ ወጥቶ ለሠፈሩ ሁሉ፣ «ልጄ ካካ አለች! ስሙ! ልጄ ካካ አለች!» ብሎ ጮኸ። ሙሽራ ያስገባ እንጂ ሥራ ያመለጠው ሰው አይመስልም ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ «እንዴት አድርጌ ላስለምዳት?» ብሎ ወደ እኔ መጣ፤ እኔም የማውቀውን ነገርኩት። ፖፖውን ከብርዱ አስገብቶ መኝታዋ አጠገብ ባለው ጥግ አደረገው። ከሥሩ ሰፊ ላስቲክ አነጠፈ። ምንጣፎቹን ሁሉ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀላቸው፤ የነጣው ወለል ለሰው ታየ፤ ቢታይስ ምን ሆነ? በቀላሉ የሚወልቁ ሱሪዎች በእጁ ቅርብ አስቀመጠ። ለረጠበ ልብስ ክዳን ያለው ባልዲ አዘጋጀ፤ በየቀኑ ማታ ሳይደርስ ያጥበዋል፤ ስለዚህ ቤቱ ሽታ አልነበረውም።

ከእንቅልፏ ስትነሣ፣ ቁርስና ምሳ ከበላች በኋላ፣ ከቤት ሊወጡ ሲሉ፣ ፖፖው ላይ ያስቀምጣታል። አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስለ አንድ ሰነፍ ጎሽ ያወራላታል። አምስት ደቂቃ ብቻ። ከመጣ ያጨበጭባል፤ ካልመጣ «በኋላ ይመጣል» ብሎ ያለብሳታል። ሲጠርጋት ከፊት ወደ ኋላ ነው፤ ሴት ልጅ ናትና። ፖፖው ውስጥ ያለው ወዲያው ሽንት ቤት ይደፋል፤ ፖፖው በሳሙና ይታጠባል፤ እጣቢውም እዚያው ይደፋል፤ ከዚያ ፖፖው በአፉ ተደፍቶ ይደርቃል። ሁለቱም እጃቸውን ይታጠባሉ። በረኪና ቢያስፈልግ በውሃ አቅጥኖ፣ መስኮት ከፍቶ፣ እሷ በሌለችበት ነው።

ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ሰመረ ብዬ አላታልልሽም። በመጀመሪያው ሳምንት ወለሉን ስንቴ እንዳጠበ እሱ ያውቃል። አንድ ቀን መብረቅ አስደንግጧት ሦስት ጊዜ ረጠበች። አንዴ ደግሞ ፖፖውን ባርኔጣ አድርጋ አገኛት፤ ደግነቱ ታጥቦ ነበር። እሱ ግን አልጮኸም። «ግድ የለም፣ እንጠርገዋለን» ይላታል። እሷም ጨርቅ ይዛ አብራው ትጠርጋለች። በአምስተኛው ሳምንት ራሷ እየሮጠች ትመጣ ጀመር።

ሚስቱ የተመለሰች ቀን ከመናኸሪያ ይዘዋት ሲመጡ አብሬያቸው ነበርኩ። ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ውዳሴ ቀሚሷን ያዘቻት። «እማዬ ነይ! ነይ እይኝ!» እያለች ወደ ጥጉ ጎተተቻት። ሱሪዋን ራሷ አወረደች፤ ተቀመጠች፤ ፊቷን ኮስተር አደረገች። ድምፁ ሲሰማ ቀና ብላ፣ «ሰማሽ?» አለቻት። ከዚያ ተነሣችና ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ «እጅ መታጠብ!» አለች።

እናትየው ዕንባዋ መጣ። ባሏን አየችው። ሰውየው በሩ ላይ ቆሟል። ብዙ ትልልቅ አዳራሽ ሲያስረክብ አይቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ቀና ብሎ ሲቆም አላየሁም። «ሦስት ቀን አልበቃኝም» አላት። «ግን እዪያት። እዪያት እስቲ።»

ፍሬሕይወት፣ አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ያ ሰው አንቺ ነሽ። የእሱ ሊሾ ላንቺ የአማትሽ መምጣት ነው፤ የሰው ዓይን ነው። ኪሩቤል በረጠበ ቁጥር የምትጮኺው በልጁ ላይ አይደለም፤ አውቃለሁ። አማትሽ ምን ይሉኛል ብለሽ ነው የምትጮኺው። እሱ ግን ልዩነቱን አያውቅም። ያንቺን ፊት አይቶ ሰውነቱን ይዘጋል።

ስለዚህ አትቆጪው፤ ግራ እንዳይጋባም ዳይፐሩን ለእንግዳ ብለሽ አትመልሺበት። ፖፖውን ከሚፈራበት አንሥተሽ ከሚወድበት አድርጊው። ሳሙናሽን፣ ጨርቅሽን፣ ክዳን ያለው ባልዲሽን ቅርብሽ አድርጊ። ቤት የሚሸተው ስለረጠበ ሳይሆን እርጥቡ ስላደረ ነው።

እሑድ አማትሽ ሲመጡ፣ ምናልባት እግራቸው ሥር ይሸና ይሆናል። ያን ጊዜ አንገትሽን እንዳትደፊ። ጨርቅሽን አንሥተሽ፣ ወለልሽን ጠርገሽ፣ ቀና በይና፣ «እማማ፣ ልጄ ነው፤ እየተማረ ነው» በያቸው። እሳቸውም ባልሽን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ደረቅ ሆኖ አልተወለደላቸውም።