ሦስት ሰው ያከመው እግር

አንድ ባለጸጋ ነበረ። ምንታምር፣ ጥያቄሽን ሰምቼ ነው የምነግርሽ። ሐኪም ልሆን ይህን ሁሉ ዘመን ተምሬ፣ አሁን ከነርስና ከፋርማሲ ተማሪዎች ጋር አንድ በሽተኛ ላይ ለምን ያቆሙናል፣ እነሱ የራሳቸውን እኔም የራሴን ብሠራ ምን ይጎድላል ብለሻል። ስትጠይቂኝ ፊትሽ ጠቁሮ ነበር። መምህራችሁ ያንን የፋርማሲ ልጅ በሰው ፊት አመስግኖታልና፣ የቆረቆረሽ ትምህርቱ ሳይሆን ምስጋናው ነው። የወንድሜ ልጅ ስለሆንሽ አላባብልሽም።

ይህ ባለጸጋ ለሕመምተኞች ማደሪያ ሰፊ ቤት ሠራ። በአገሩ የታወቁ ሦስት አዋቂዎች ነበሩ፤ አንድ ወጌሻ፣ አንድ መድኃኒት ቀማሚ፣ በሽተኛ በማስታመም ስሟ የተጠራ አንዲት ሴት። ከእያንዳንዳቸው አንድ ተማሪ ለምኖ በዚያ ቤት አስቀመጠ። አዋቂዎቹ ግን በዕድሜያቸው አብረው አንድ አልጋ አጠገብ ቆመው አያውቁም፤ ተማሪዎቻቸውንም በየጓዳቸው ነው ያስተማሯቸው። ባለጸጋው አንድ ጣሪያ ሥር ካደሩ መስማማታቸው አይቀርም ብሎ አሰበ። ጣሪያ የሚከለክለው ዝናብን ነው እንጂ ሌላ ምን ይከለክላል።

ተማሪዎቹንም ሰው በየመምህሮቻቸው ሙያ ወጌሻው፣ ቀማሚው፣ አስታማሚዋ ይላቸው ነበር። ወጌሻው እጀ መልካም ነበር። ስብራት በጣቱ ዳስሶ ያገኛል፣ አጥንት ከአጥንት ያገጥማል። ሆኖም ጠግኖ ያስነሣው ሰው ሁሉ ሲሰናበት የሚመርቀው ቀማሚውን ነው። አጥንት ሲገጠም ያስጮኻል፣ መድኃኒት ሲጠጣ ያሳርፋል፤ ሰው ደግሞ ላሳረፈው ነው ልቡ የሚሸነፍ። ይህ ነገር ወጌሻውን ውስጥ ውስጡን በላው። ቀማሚውን ባየ ቁጥር «ይህ ቅጠል ቀቃይ» ይላል። ቀማሚው በበኩሉ ወጌሻውን የሚፈልግ ሰው በደጁ ሲሰለፍ እያየ ይቃጠላል፤ እሱም «ይህ ቀርከሃ ጠፋሪ» ይላል።

አስታማሚዋስ ብትይ፣ እሷ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታጎርሳለች፤ ሁለቱም ግን ስሟን እንኳ አይጠሩትም። «አንቺ» ነው የሚሏት። እሷም ቀናች። የእሷ ቅናት አፍ ስላልነበረው ከሁለቱም የከፋ ነበር።

አንድ ገበሬ፣ ለእርሻ በወጣበት፣ ጭቃ አንሸራትቶት በሬው ወደቀበትና ቅልጥሙ ተሰበረ። ወቅቱ የዘር ነው፤ ከእሱ ሌላ ሞፈር የሚጨብጥ በቤቱ የለም። ተሸክመው ሲያስገቡት ሌላ ነገር አልለመነም፤ እግሬን ብቻ መልሱልኝ አለ።

ወጌሻው አጥንቱን አቃንቶ ገጠመው፤ በቀርከሃ ደግፎም ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወጌሻ ሁሉ የሚናገረውን ነገረው። እግሩ ማበጡ አይቀርም፤ ሲያብጥ እስሩ ያንቀዋል። ሕመሙ እየቀለለህ ከሄደ ደኅና ነው፣ እየባሰህ ከመጣ ግን አስጠራኝ፣ አላላልሃለሁ አለው። ይህንን ያለው በሹክሹክታ ነው፤ ቀማሚው ሰምቶ ሙያዬን ይቀማኛል ብሎ ፈርቷል።

እሱ እንደወጣ ቀማሚው ገባ። ገበሬው ያቃስታል። ቀማሚው ከመምህሩ የተማረውን ብርቱ ማደንዘዣ በጥብጦ አጠጣው። መርዝ አልሰጠውም፤ መድኃኒቱም ልኩም ትክክል ነበር። ወጌሻውን ልጠይቀው ይሆን የሚል ሐሳብ ሽው ብሎበት ነበር፤ ነገር ግን ብጠይቀው አለቃዬ አደረግሁት ማለት ነው ብሎ ተወው። ገበሬው መረቀውና አንቀላፋ። ሲነቃ ሕመሙ ተነሣበት፣ ቀማሚው ደገመለት። እግሩ እስሩ ውስጥ እያበጠ ነው፤ እንዲጮህለት የታዘዘው አፍ ግን ተኝቷል።

አስታማሚዋ ልታጥበው መጥታ ጋቢውን ገለጠች። የእግሩ ጣቶች ቀዝቅዘዋል፣ ጠቁረዋል። ይህ ክፉ ምልክት መሆኑን መምህርቷ አስተምራታለች። ወደ በሩ ሄደች። ወጌሻው ግቢው ውስጥ ሰው ሰብስቦ አጥንቱን እንዴት እንደገጠመው ያወራል። ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ግን ባለፈው ስትናገረው «አንቺ ውኃሽን ቅጂ» ያላት ትዝ አላት። ራሱ ይየው፣ ባወራበት አፉ ይፈር አለች። ተመልሳ ጋቢውን በእግሩ ላይ ጣል አደረገችው።

ወጌሻው ሊያየው በቀጠረበት ቀን መጥቶ እስሩን ሲፈታ እግሩ ሞቷል። መምህሩ ተጠርቶ መጣ፤ ሰውየውን ለማትረፍ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ባለጸጋው ሦስቱን ገበሬው ፊት አቁሞ ጠየቃቸው። ወጌሻው አጥንቱ ቀጥ ብሎ መገጠሙን አስረዳ፤ እውነቱን ነው። ቀማሚው መድኃኒቱ ልክ እንደነበረ ማለ፤ እሱም አልዋሸም። አስታማሚዋ ገላው ንጹሕ ነው፣ አንድም ቦታ አልቆሰለም አለች፤ አልቆሰለም።

ገበሬው አዳምጦ ሲጨርስ፣ «ልጆቼ፣ ከሦስታችሁ አንዳችሁ ብቻ አክማችሁኝ ቢሆን እግሬ ይተርፍ ነበር» አለ።

ባለጸጋው አላባረራቸውም። ሦስቱን አዋቂዎች አስጠርቶ፣ ከእንግዲህ የምታስተምሯቸው በየጓዳችሁ አይደለም፣ አንድ አልጋ ዙሪያ አቁማችሁ ነው አላቸው። እያንዳንዱ የሚሠራውንና የሚፈራውን፣ በሽተኛው ከመነካቱ በፊት፣ ሌሎቹ እየሰሙት ይናገር፤ ሌሎቹም ይጠይቁት አለ። አዋቂዎቹ አጉረመረሙ፤ የገበሬውን የተቆረጠ እግር ሲያዩ ግን እሺ አሉ። ተማሪዎቹ ከዚያ በኋላ ተዋደዱ ብዬ አልዋሽሽም። ወጌሻው የቀማሚውን ምስጋና በቆጠረ ቁጥር ፊቱ ይጠቁር ነበር። ነገር ግን ጠቁሮም ይናገር ነበር።

እንግዲህ ምንታምር፣ ወጌሻው አንቺ ነሽ። ቀማሚው ያ የተመሰገነው ልጅ ነው። አስታማሚዋ ደግሞ ስሟን ጠይቄሽ ያላወቅሽው የነርስ ተማሪ ናት። በየክፍላችሁ ያስተማሯችሁ ሁሉ ትክክል ነው፤ ሰውየው ግን ክፍል ክፍል ሆኖ አይታመምም። አንቺ ያየሽውን እነሱ ካልሰሙት፣ እነሱ የሰጡትን አንቺ ካላወቅሽ፣ እውቀታችሁ ተደምሮ አንድን ሰው ሊገድል ይችላል። አብራችሁ ቁሙ የሚሏችሁ ለዚህ ነው፤ እንድትፋቀሩ አይደለም። አትቅኚ አልልሽም፤ ከአባትሽ ወገን የወረስሽው ነው፣ በአንድ ቀን አይለቅሽም። ቅኚ፤ ግን እየቀናሽ ተናገሪ።

ዛሬ በሽተኛሽ ላይ አይተሽ፣ ይወቀው ራሱ ብለሽ ለዚያ ልጅ ሳትነግሪው የመጣሽው ነገር ካለ፣ ለእኔ አትንገሪኝ፤ እኔ ምን አደርግልሻለሁ። ወደ ጓዳ ልግባልሽ፣ ደውይለት።