ከሚያብረቀርቀው ፕላስተር በታች

አንዲት ሴት ነበረች። ወረቀት ቆርጣ፣ ወረቀት አጣብቃ የምትኖር ሴት። የሠርግ ጥሪ በሏት፣ የልደት ካርድ በሏት፣ የፎቶ ማኖሪያ በሏት፣ እኔና እናንተ አውጥተን ከምንጥለው ካርቶን ዓይን የሚይዝ ነገር ታወጣለች። ስሟን ትርሲት እንበላት። አሰላ ነው የምትኖረው። አወቅናት የምትሉ ካላችሁ ዝም በሉ፤ እኔም ስንት ነገራችሁን አውቄ ዝም ብያለሁ።

ትርሲት እናት አሏት፣ እትዬ የውብዳር የሚባሉ። እትዬ የውብዳር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥልፍ ጠላፊ ነበሩ። የከተማው ሙሽራ ግማሹ እሳቸው የጠለፉትን ቀሚስ ለብሶ ነው የተዳረው። ልጃገረዶችም ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። ታዲያ አንድ ልማድ ነበራቸው። ልጅቷ የጠለፈችውን ይዛ ስትመጣ ፊቱን አያዩትም። ጨርቁን ይቀበሉና ይገለብጡታል። ጀርባውን ነው የሚያዩት። ፊቱንማ ሰው ሁሉ ያየዋል ይላሉ። ጀርባው ላይ ክሩ ተወሳስቦ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኖ ካገኙት፣ ፊቱ የቱንም ያህል ቢያምር የሚናገሩት አንዲት ቃል ናት። «ተርትሪው» ይላሉ።

ስንቷ አልቅሳለች መሰላችሁ! ትርሲት ራሷ በአሥራ አንድ ዓመቷ አንዲትን አበባ አራት ጊዜ ተርትራለች። የእናት ልጅ መሆን አላዳናትም።

ከዚያ የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ መጣ። ቀስ እያለ፣ እንደ ሌባ፣ መጀመሪያ ጠርዙን፣ ከዚያ መሐሉን ወሰደ። ከአራት ዓመት በፊት የእትዬ የውብዳር ዓይን ጨርሶ ጠፋ። መርፌውን ለጎረቤት ሰጡ። ክሩን ለጎረቤት ሰጡ። ሰው እየጎተተኝ አልሄድም ብለው ቤተ ክርስቲያን መምጣቱንም ተዉ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። ልጃቸው እህል ልቀሚልኝ ብትላቸው እምቢ፣ ክር አጠንጥኚልኝ ብትላቸው እምቢ። አንድ ቀን ቁርጡን ነገሯት።

«ተይኝ ልጄ። እጄም ከዓይኔ ጋር ሞቷል። የቀረው መገነዝ ነው።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አልቅሳችሁ ትተዉ ነበር። ትርሲትም አለቀሰች፤ ግን አልተወችም። እልኸኛ ናት። የማንን ልጅ መስላችሁ! የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ለራሷ ቃል ገባች። ጾሙ ሳይፈታ እማዬ እጅ ላይ አንድ ነገር አኖራለሁ፣ ያ እጅ አለመሞቱን አሳያታለሁ፣ አለች። ይህን ካልቻልኩ ሌላ የምሞክረው ነገር የለኝም ብላም ፈርታ ነበር።

ምን ልታኖር? አንድ መስቀል። እትዬ የውብዳር ለልጃቸው የሠርግ ቀሚስ ራሳቸው አስበው፣ ከማንም ሳይቀዱ የጠለፉት፣ ሐረጉ እየተጠላለፈ የሚዞር መስቀል ነበር። ቀሚሱን ሻንጣ ውስጥ ሻጋታ በልቶታል። የቀረው የሠርግ ፎቶ ነው። ትርሲት ፎቶውን አስተልቃ ሐረጉን አንድ በአንድ ካርቶን ላይ ነደፈች። መስቀሉን በምላጭ ቆርጣ ሌላ ካርቶን ላይ አጣበቀች። በሐረጉ መስመር ላይ ሲባጎ በኮላ አስኬደች። ከላዩ ደግሞ የአልሙኒየም ፕላስተር።

የአልሙኒየም ፕላስተር ታውቃላችሁ? ፍሪጅ ሠሪዎች ቧንቧ ላይ የሚጠመጥሙት፣ ፊቱ ብር የሚመስል፣ ጀርባው የሚጣበቅ። ባሏ ደምሰው ፍሪጅ ሠሪ ነው፤ ከመሣሪያ ሳጥኑ አንድ ጥቅል ወሰደችበት። የዚህን ፕላስተር ጠባይ ልንገራችሁ፣ ነገሬ እዚህ ላይ ነውና። ስስ ነው። ከሥሩ ያለውን አይደብቅም። በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብላችሁ ስታሹት ከሥሩ ያለው ሲባጎ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ጥቁር የጫማ ቀለም ቀብታችሁ በጨርቅ ትወለውሉታላችሁ። ጥቁሩ ጎድጎድ ያለው ቦታ ይቀራል፤ ከፍ ያለው ያበራል። ሲያዩት ያረጀ የብር ሥራ ይመስላል። አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለው። አንዴ ከተለጠፈ ወረቀቱን ገንጥሎ ካልሆነ አይነሳም።

የመጀመሪያውን ስትለጥፈው ተጨማደደ፤ ጣለችው። በሁለተኛው ኮላው ሳይደርቅ ቸኩላ ሲባጎው ተንሸራተተ፤ ጣለችው። ሦስተኛው ያዘ። ቀን ካርዷን ትሠራለች፣ ከሰዓት በኋላ መስቀሉን ትይዛለች፣ አሥራ ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው በማንኪያው ስታሸው የመስቀሉ የግራ ክንድ ቀጭ አለ።

ካርቶኑ ተሰበረ። ሐረጉም እዚያ ቦታ ተበጠሰ።

አሁን ልብ በሉ። ትርሲት ምን አደረገች? የተሰበረውን አጠጋግታ ከላዩ ፕላስተር ለጠፈች። ስብራቱ ታየ። ሌላ ደረበች። ትንሽ ቀነሰ። ሦስተኛ ደረበችና ቀለም በሌለው እስክሪብቶ ሐረግ የሚመስል ነገር ከላዩ ጫረችበት፣ ጥቁሩንም ወፈር አድርጋ ቀባችው። ጠፋ! ደምሰው አይቶ አፉን ያዘ። ጎረቤቶች ገብተው አዩ፤ እጅሽ ይባረክ አሏት። ስብራቱን ያየ አንድም ሰው የለም።

እንዴት ልቧ እሺ አላት? ያን አበባ አራት ጊዜ የተረተረች ልጅ እንዴት ደፈረች? ልንገራችሁ። ማንም ሳይሰማ ለራሷ አንድ ነገር አለች። «ግዴለም፣ እማዬ አታይም።»

ስሙኝማ። እናቷን የምትወድ ሴት ናት። አሥራ ሁለት ቀን ጣቷ የተላጠው ለእናቷ ነው። ግን እማዬ አታይም አለች። ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ ይህን ታሪክ አልነግራችሁም ነበር፤ እናንተም አይመለከተንም ብላችሁ ትገላገሉ ነበር።

ጾሙ ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው መስቀሉን ይዛ ገባች። እትዬ የውብዳር እንደ ልማዳቸው ወደ ግድግዳው ዞረዋል። ምንም አልፈልግም አሉ። ትርሲት ግን እጃቸውን ያዘችና መስቀሉ ላይ አስቀመጠችው። እጃቸው መጀመሪያ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ሌባ ጣታቸው ተነሳች። ሐረጉን አገኘች፣ ተከተለችው፣ በላይኛው ክንድ ዞረች፣ በቀኝ ወረደች። የእትዬ የውብዳር ፊት ከግድግዳው ተመለሰ። «ይሄ የኔ ነው» አሉ። ትርሲት በደስታ የምታደርገው ጠፋት።

የእናቲቱ ጣት ግን መንገዷን አልጨረሰችም። ወደ ግራ ሄደች። ቆመች። ወደ ኋላ ተመልሳ እንደገና መጣች። አሁንም እዚያው ቆመች። ከዚያ እትዬ የውብዳር ያን የድሮ ነገራቸውን አደረጉ፤ መስቀሉን ገለበጡት። ጀርባውን ዳሰሱ። ዓይን ያለው ሁሉ ፊቱን አይቶ ሲያደንቅ፣ ከጀርባው ያለውን ስብራት ያገኙት ዓይን የሌላቸው ሴትዮ ናቸው።

«እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው የሸፈንሽው?»

ትርሲት ውሸት አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ካርቶኑ እንደዚያ ነው ልትል ነበር። አልቻለችም። ሁሉንም ነገረቻቸው፦ መሰበሩን፣ መቸኮሏን፣ ሦስት ጊዜ መደረቧን፣ እማዬ አታይም ማለቷንም ሳይቀር። ይህችን የመጨረሻዋን ስትናገር አንገቷን ደፍታ ነበር። አሁን መስቀሉን ወርውረው ወደ ግድግዳቸው ይመለሳሉ፣ በዚያው ይቀራሉ ብላ ጠበቀች።

እትዬ የውብዳር መስቀሉን አልወረወሩትም። ጣታቸውም ከስብራቱ ላይ አልተነሳችም።

«እውነትሽን ነው፣ አላይም» አሉ። «የያዘሽ ያ ሞቷል ያልኩሽ እጅ ነው።» ቀጥለውም እንደ ድሮው፣ «ተርትሪው» አሉ።

ይሄ ክር አይደለም አለቻቸው ትርሲት እያለቀሰች፤ ፕላስተር ነው፣ አንዴ ከተለጠፈ አይተረተርም፣ ወረቀቱን ይዞ ይገነጠላል አለቻቸው።

«አይተረተርም? እንግዲያው ሌላ ካርቶን አምጪ። ሲባጎውን እኔ ነኝ የማስኬደው።»

ጾሙ ተፈታ፤ መስቀሉ አልደረሰም። እንቁጣጣሽ መጣ፤ አልደረሰም። እትዬ የውብዳር ሁለት ካርቶን አበላሹ፣ ጣታቸው በኮላ ተጣብቆ ተናደዱ፣ ልጃቸውንም ተቆጡ። ሲባጎ ማስኬድ በዓይን ሳይሆን በጣት የሚሆን ሥራ ነውና እየዋለ እያደረ እጃቸው ቀና። አንድ ቦታ ላይ ሐረጉ ቢጣመምባቸው ራሳቸው ነቅለው እንደገና ያስኬዳሉ። ትርሲት የምትገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምንም ሳትደርብ፣ ፕላስተሩን ታለብሳለች። ከሥሩ የሚደበቅ ነገር ስላልነበረ መደረብ አላስፈለገም። ለመስቀል በዓል እትዬ የውብዳር በልጃቸው ክንድ ተደግፈው፣ ያን መስቀል ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ከአራት ዓመት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ረገጡ።

የተሰበረውንስ? ትርሲት ልታቃጥለው ነበር። እናቷ ከለከሏት። ዛሬ ወረቀት የምትቆርጥበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ፊቱ ወደ ግድግዳ፣ ጀርባው ወደ ሰው።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልዙር። አትቁነጥነጡ፣ ምሳ አያመልጣችሁም።

ስንት ደርባችኋል? አንድ ነው? ሦስት ነው? የሌላውን ሰው ጠብ በሽምግልና ስትፈታ ትውልና ከገዛ ወንድምህ ጋር ስንት ዓመትህ ነው ሳትነጋገር? ነጠላሽን አጣፍተሽ እዚህ ፊት ለፊቴ ቆመሻል፤ ቤትሽ ያለችው ሠራተኛ ዛሬ ጠዋት ለምን አለቀሰች? ለሰው ብቻ አልናገርም። እኔ ራሴ ድምፄ ያምራል ትላላችሁ፤ አንድ በሽተኛ ልጠይቅ ቃል ከገባሁ ሁለት ወር ሆነኝ። በዚህ ድምፅ ደርቤበት ነው የቆየሁት። ከዚህ ዐውደ ምሕረት ወርጄ ወደ በሽተኛው ነው የምሄደው፤ ማንም አይጥራኝ።

ሰዎች እጃችሁ ይባረክ ይሏችኋል። ጎረቤት ስብራቱን አይቶ አያውቅም። ባል አይቶ አያውቅም። እናንተም በልባችሁ ፈጣሪም አያይም ብላችኋል። አላላችሁም? ብላችኋል። አፋችሁ ባይለው ድርርቡ ይለዋል። እግዚአብሔር እንደ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ፊታችሁን አይቶ የሚሄድ መሰላችሁ? ተቀብሎ ይገለብጣችኋል።

ሲገለብጣችሁ ግን አትፍሩ። እትዬ የውብዳር ስብራቱን ያገኙት ልጃቸውን ሊያዋርዱ አልነበረም። ስብራቱን ባያገኙ ኖሮ እስከ ዛሬ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ነበር። እናቲቱ እጃቸው ሕያው መሆኑን ያወቁት፣ ልጅቷም ከውሸቷ የተላቀቀችው በዚያች በተሰበረች ክንድ ነው።

አሁን ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ አንተም። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። ጣታችሁ ቀስ እያለች ትሂድ፤ በትዳራችሁ ላይ፣ በልጆቻችሁ ላይ፣ በጸሎታችሁ ላይ። የት ላይ ቆመች?

እዚያ ላይ ሌላ አትደርቡበት። አይተረተርም የምትሉኝ ካላችሁ፣ እንግዲያው ሌላ ካርቶን አምጡ።