አመዲት የታከከችበት ግድግዳ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ አርባ ቀን ሲቀረው፣ አመዲት የምትባል አህያ ቤቷ ውስጥ ቆማ ቀና ብትል ሰማይ ታያት። ጣሪያው በሦስት ቦታ ተበስቷል። ምሰሶውን ምስጥ ውስጥ ውስጡን ጨርሶታል። በሩ ከወደቀ ሁለት ወር አልፎታል። አመዲት ደግሞ እርጉዝ ነበረች፤ የምትወልደው በሐምሌ ነው። ከቤቷ ጀርባ ያለው ገደል የጅቦች መኖሪያ ነው። በዚያ ሰፈር በር በሌለው ቤት የተወለደ ውርንጭላ ዓመት ደፍኖ አያውቅም።

ባሏ ጫኔ ደግ አህያ ነው። ሸክም አይመርጥም፤ ሲጭኑትም ሲያራግፉትም ያመሰግናል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለውን ተረት ያውቀዋል። አይወደውም። ነገር ግን አንድም ቀን ሐሰት ነው ብሎ ተከራክሮ አያውቅም። ዘንድሮ ግን በልቡ ቆረጠ፤ ጅብ መጣል ባይችል በር ማስገጠም አያቅተውም።

«አመዲትዬ፣ ቤቱን አሳድሰዋለሁ» አላት።

«በማን?»

«ተቋራጭ አፈላልጋለሁ።»

«ተቋራጭ ሞልቷል» አለች አመዲት። «የጠፋው ቤት ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ቀበሮ መጣ። ቀበሮ በአካባቢው የታወቀ ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይላል። ጅራቱን አበጥሯል፤ በአፉ የመለኪያ ዘንግ ይዟል። ዘንጉን መሬት ላይ አስቀመጠና ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየው።

«እሜቴ፣ ይህንን ቤት እኔ አላድሰውም፤ ቤተ መንግሥት ነው የማደርገው!» አለ። «ሳሎኑ እዚህ። ጓዳው እዚያ። ለሚመጣው ልጅ የራሱ ክፍል። በሰባት ቀን አስረክባችኋለሁ።»

«ዋጋውስ?» አለች አመዲት።

«ኧረ በጎረቤት! የምረቃው ዕለት ሠራተኞቼን እራት ብታበሉልኝ ይበቃኛል።»

«ምን ይበላሉ?»

«አይመርጡም። ቤት ያፈራውን።»

ጫኔ በደስታ ሁለቱንም ጆሮዎቹን አቆመ። አመዲት አንዱን ብቻ አቆመች።

«የሠራኸውን ቤት የት ሄደን እንይ?»

«እንኮዬ ጦጢትን ጠይቋት! ኮረብታው ላይ ያለው ቤት የእኔ ሥራ ነው» ብሎ ቀበሮ ዘንጉን አንሥቶ ሄደ። ጫኔ እስከ መንገዱ ሸኘው።

ከሰዓት በኋላ ጃርት መጣ። እሾሁ የደረቀ ጭቃ ለብሷል። እንደምን ዋላችሁ እንኳ አላለም። ቀጥ ብሎ ወደ ምሰሶው ሄደና ነከስ አድርጎ ቀመሰው፤ ከዚያ ተፋው።

«ሞቷል» አለ።

«ማን?» አለ ጫኔ ደንግጦ።

«ምሰሶው። ጣሪያው ይፈርሳል። ምሰሶው በወይራ ይለወጣል። በር ይገጠማል። ሃያ አምስት ቀን። ዋጋዬ፣ ዓመቱን ሙሉ የምቆፍረውን ሥራሥር እስከ ጉድጓዴ ትጭኑልኛላችሁ።»

«ዓመቱን ሙሉ! ሳሎንስ አለው?»

«ውርንጭላ ሳሎን አይጠባም።»

«ቀበሮ እኮ በሰባት ቀን እጨርሳለሁ ብሏል።»

«እንግዲያው ቀበሮ ይሥራላችሁ» አለና ጃርት ወጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዞር ሳይል፣ «የሠራሁትን ካላችሁ በጊት ቤት ሂዱ» አለ።

ጫኔ ጃርት እስኪርቅ ጠብቆ፣ «ይኼስ ምላሱም እሾህ ነው» አለ። «ቀበሮ ግን እንዴት ያለ ጨዋ! እሜቴ ሲልሽ ሰማሽው?»

«ሰማሁት። አንተ ብለኸኝ ስለማታውቅ ጆሮዬ ላይ ቀረ።»

ጫኔ አቀረቀረ። «ደግሞ… ስሸኘው እሺ ብዬዋለሁ። እየሣቀ ፊቴ ቆሞ እንዴት እምቢ ልበለው?»

አመዲት አልተቆጣችም። ባሏ ይሉኝታ የያዘው አህያ መሆኑን ስታገባውም ታውቅ ነበር። አንገቱን በአንገቷ ደገፍ አደረገችና፣ «እሺ ያልከው አንተ፣ የምወልደው እኔ» አለችው። «ጎኔን ያልታከክሁበትን ግድግዳ አላምንም። ተነሥ እንሂድ።»

የጦጢት ቤት ከሩቅ ያምራል። ግድግዳው በቀይ አፈር ተመርጎ በነጭ አፈር ተቀብቷል። ጦጢት ደጁ ላይ ሆና እንግዶቿን ተቀበለቻቸው።

«ቀበሮ? ወይ ቀበሮ! እጁ ይባረክ! በስድስት ቀን ነው ያስረከበኝ። እሱን ትታችሁ ሌላ ብታሠሩ ያሳዝነኛል።»

«ትንሽ ልታከክበት?» አለች አመዲት። «መንገዱ አቧራ ነበር።»

ጦጢት መልስ ሳትሰጥ አመዲት ጎኗን ከማዕዘኑ አስጠግታ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ታከከች። በሦስተኛው መታከክ ምርጉ እንደ ቅርፊት ተላጠ። ግድግዳው ተወዛወዘ። የማዕዘኑ እንጨት ከነሥሩ ወጥቶ ጫኔ እግር ሥር ወደቀ። መሬት ውስጥ የገባው አንድ ኮቴ ያህል ብቻ ነበር።

አመዲት የእንጨቱን ጫፍ አሸተተችና ቀና አለች።

«እንኮዬ፣ እዚህ ነው የምታድሪው?» አለች አመዲት።

«እኔማ ዛፍ ላይ ነው የማድረው» አለች ጦጢት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ሙገሳ ምን አመጣው?»

«ምን ላድርግ? ተሞኝቼ ብቻዬን ልቅር?»

ከዚያ ወደ በጊት ቤት ወረዱ። በጊት ሦስት ክረምት በዚያው ቤት ያሳለፈች አሮጊት በግ ናት። የጃርትን ስም ገና ስትሰማ ንዴቷ ተነሣባት።

«ያንን ክፉ! ሃያ ቀን ብሎ ሠላሳ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሳሩን በቀኝ በኩል አብዛው ብለው፣ ቤቱን ማን ነው የሚሠራው አለኝ። ለእናት እንዲህ ይባላል? ጎጆዬን እስኪጨርስ አንድ ቀን ፈገግ አላለም!»

«እማማ፣ ልታከክ?»

«ታከኪ፣ ምን ቸገረኝ።»

አመዲት ታከከች። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። ጠንከር አድርጋ ታከከች፤ አሁንም ያው ነው። ጫኔም በሌላው ጎን ተጠጋና ዐይኑን ጨፍኖ ታከከ፤ አመዲት ይብቃህ እስክትለው ድረስ አልተወም።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች አመዲት። «ቤቱን ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ያውቃል?»

በጊት ጥቂት አሰበች። «የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት ሳልጠራው መጣ። ገባ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ፣ ወጣ። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። ሻይ እንኳ ጠጣ ብለው አይሰማም። ስድ!»

ባልና ሚስት ተያዩ። ወደ ቤታቸው ከመመለሳቸው በፊት ጃርት ጉድጓድ ሄደው ሥራውን ሰጡት። ጃርት «ከነገ ወዲያ» ብቻ አለ።

ቀበሮ ግን ወሬውን ሰማ፤ እሱም ጃርት በቀጠረው ቀን ማልዶ ደረሰ። ብቻውን አልነበረም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይህኛው ጅብ ግን በሚያውቁት ሰፈር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ትከሻው ላይ ገመድ ጥሎ መጣ።

«የሠራተኞቼ አለቃ ነው» አለ ቀበሮ። «አያ ጅቦን አትፍሩት፤ ከተለወጠ ቆይቷል። ዛሬ የሚበላው ሳር ብቻ ነው።»

«ሳር ነው የምበላው» አለ ጅብ። የአመዲትን ሆድ አየት አደረገና ምራቁን ዋጠ። «ሳር የበላም አልጠላም።»

ቀበሮ እግሩን ረገጠው። ከዚያም «ጫኔ ወንድሜ፣ ቃልህን ሰጥተኸኝ የለም? እስቲ ለመጨረሻ እንለካው» እያለ ባልየውን ይዞ ገባ። ጅብም ተከተላቸው። አመዲት ደጃፉ ላይ ቀረች። አንገቷን ወደ ውስጥ አስገባችና ጠየቀች።

«የበሩ መቀርቀሪያ በየት በኩል ነው የሚሆነው?»

ቀበሮ አፉን ሳይከፍት ጅብ ቀደመው። ጅብ መልሱን የሚያውቀው ጥያቄ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነበር።

«በውጭ በኩል ነዋ! ሦስት እስኪሆኑ ታገሥ ተብዬ ነው እንጂ፣ ከውስጥ ከቀረቀሩማ ለምረቃው በምን እንገባለን?»

ቀበሮ ዐይኑን ጨፈነ።

ጫኔ በዕድሜው ማንንም ተራግጦ አያውቅም። አሁን ግን ጀርባውን ወደ ጅብ አዞረ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ ባለ በሌለ ጉልበቱ ተራገጠ። ጅቡን ሳተው። መሳቱ እርግጥ ነው፤ ጅብ የቆመው ከእርግጫው አንድ ክንድ ወደ ጎን ነበር። እርግጫው ያረፈው ምሰሶው ላይ ነው።

የሞተው ምሰሶ ለሁለት ተሰበረ። አመዲት ባሏን በጅራቱ ነክሳ ወደ ውጭ ጎተተችው፤ ጣሪያው ከነሳሩ፣ ከነማገሩ፣ በተቋራጩና በሠራተኞቹ አለቃ ላይ ወረደ። ጅብ ከፍርስራሹ ሲወጣ ግማሹን ጣሪያ ተሸክሞ ነበር፤ ሳያራግፍ ወደ ገደሉ ሮጠ። ቀበሮም ከኋላው፣ «ቀሪውን ሥራ በሌላ ቀን እንቀጥላለን!» እያለ ሸሸ።

አቧራው ሳይበርድ ጃርት ደረሰ። ክምሩን አንዴ ዞረው።

«ማፍረሱ ቀረልኝ» አለ። «ሁለት ቀን ይቀነሳል።»

አልተቀነሰም። ወይራው ከሩቅ ስለመጣ ሥራው ሃያ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ አመዲትም ለሰፈሩ ሁሉ ስታማርር ከረመች። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት ጃርት ሳይጠራ መጣ፤ ጣሪያውን ቀና ብሎ አይቶ ወጣ። በሐምሌ አንዲት ውርንጭላ ተወለደች። ጅቦች በሩን ገፍተው አዩት፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ ነበር።

የሰፈሩ እንስሳት የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለታቸውን እስካሁን አልተዉም። አመዲት ስትሰማ፣ «የእኔው አልሳተም» ትላለች። «ያነጣጠረው ምሰሶውን ነው።» ጫኔ እውነቱን ያውቃል። ውርንጭላዋን ይዞ አዲሱን ግድግዳ ይታከካል እንጂ አንድም ቀን አላረማትም።

ከዚህ የምንማረው፣ ቤት ሠሪ የሚመረጠው በአፉ ጣፋጭነትም በአሞጋሾቹ ብዛትም ሳይሆን፣ ቀድሞ የሠራውንና ዝናብ የመታውን ግድግዳ ሄደው ሲደገፉበት መሆኑን ነው።